ከንቲባውና የዶኛ ዶሚቲላ ሐረግ

አቤላርዶ ቱአናማ ወንዝ ዳር ካለችው ከኢኪቶስ ከተማ ተነስቶ ዋና ከተማዋ ሊማ፣ ልጁ ዘንድ ሊኖር ሲመጣ ያመጣው ነገር ቢኖር አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ዓሣ ነው። ዓሣው አየር በተሞላ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ ደግሞ በነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ ነበር። ልጁ ማርሊት አየር ማረፊያው በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው፣ ሻንጣውን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ሣጥኑን ግን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ብቅ አለ።

«አባዬ! ዓሣውን ይዘህ መጣህ?»

«ታዲያ ለማን ልተወው? ጎረቤቱ ሁሉ ሎሚና ጨው አዘጋጅቶ መሄዴን ነበር የሚጠብቀው።»

ውሸቱን አልነበረም። በዚያ አገር አካራዋሱ የሚሉት ይህ ዓሣ ፍም ላይ ተጠብሶ ከሙዝ ጋር ይበላል እንጂ ማንም ቤቱ አያኖረውም። ይሄንንም ቢሆን የማርሊት እናት ሊንዳውራ ከቤሌን ገበያ የገዛችው ለምሳ ነበር። ነፍሱ ስላልወጣች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ አድርጋ አቆየችው፤ ቢላዋ ይዛ ስትመለስ ከታች ወደ ላይ ቀና ብሎ ገላመጣት። «ኧረ ይሄስ ሰው ነው! ቁጣው የከንቲባ ቁጣ ነው» አለችና ቢላዋውን መልሳ ሰቀለች። ስሙም በዚያው ከንቲባው ሆኖ ቀረ። ሊንዳውራ ካረፈች በኋላ አቤላርዶ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን የሚበላው ከእሱ ጋር ነበር።

ማርሊት የምትኖረው ኮማስ በሚባል የሊማ ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ በተሠራ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ነርስ ናት። ጠዋት ትገባለች፣ ቀን ትተኛለች፣ ሲመሻሽ ትወጣለች። ባልም ልጅም የላትም፤ ወንድሞቿ እንጨት ፍለጋ ወንዙን ሽቅብ እንደወጡ እዚያው ቀርተዋል። አባቷ ወንዙ ዳር ካለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ ብቻውን እንዲኖር ልቧ አልፈቀደም። ለአባቷ አልጋ ገዛች። ከንቲባው መምጣቱን ስታይ ደግሞ ከሰፈር ሰው ያገለገለ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከነማጣሪያ ሞተሩ ገዛችና ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠች። ሌላ የሚያስቀምጡበት ቦታም አልነበረም። ሳሎኑንና መኝታ ቤቷን የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ ገንዳው የተጠጋው እዚያ ግድግዳ ላይ፣ የማርሊት ራስጌም ከዚያው ግድግዳ ወዲያ ነበር።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ውሃው ይንቆረቆራል፣ መሐል ላይ ደግሞ እንደሚያንኮራፋ ሰው ትን ይለዋል። ማርሊት ዐይኗን ጨፍና ትገላበጣለች። አንድ ቀን፣ ብዙ ሰው ያለፈበት ከባድ ሌሊት ሠርታ የገባች ጊዜ፣ ከአልጋዋ ሆና ጮኸች።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ዝም አይልም እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልነበረም። በማግሥቱም ፀጥ፣ በሣልስቱም ፀጥ።

«ምን አድርገህ አስታገስከው?» አለችው፣ አንድ ከሰዓት ተነስታ ቡናዋን እየጠጣች።

«ዘይት ቀባሁት» አለ።

አባቷ ዕድሜ ልኩን የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ስለሆነ ነገሩን ጠያቂም አልሆነችም። እንደ ልጅነቷ ድብን ብላ መተኛት ጀመረች።

ወራቱ ሊማን ሰማዩ የሚጫናት ወራት ሆነ። ፀሐይ የለም፣ ዝናብም የለም፤ ግራጫ ብቻ። አቤላርዶ እየቆየ ዝምተኛ ሆነ። ከወንበር ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው፤ እራት ሲበላ እጁ ይንቀጠቀጣል። የከንቲባውም ቁጣ ጠፋ። ብርቱካናማ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ግንባሩ ላይ ሽንቁር የመሰለ ቁስል ወጣ፣ ከላይ ከላይ እየተንሳፈፈ አፉን ይከፍታል ይዘጋል።

«አሞሃል አይደል?» ትለዋለች ማርሊት።

«እኔን? የዚህ አገር ቅዝቃዜ ነው፤ አጥንት ይገባል።»

የወንዙ ናፍቆት እየገደለው መሰላት። ያለ ፈቃዱ ከአገሩ ነቅዬ አመጣሁት እያለች በልቧ ተቆጨች። ሥራ ቦታ ዕረፍት ላይ ሆና የአጎቷን ልጅ ሮይሰርን ስልክ ደውላ፣ አባዬ ቢመለስ አብረኸው ትኖራለህ ወይ ብላ እስከመጠየቅ ደረሰች። ሮይሰር፣ «እሱም እኮ ባለፈው ደውሎ ይሄንኑ ነው የጠየቀኝ፤ ነሐሴ ላይ እመጣለሁ ብሎኛል» አላት። አባቷ ለእሷ ግን አልነገራትም።

አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤታቸውን ዶኛ ዶሚቲላን፣ ወይዘሮ ዶሚቲላን ማለት ነው፣ አገኘቻት። ዶኛ ዶሚቲላ ከተራራው አገር የመጣች፣ አጭርና ደንዳና፣ አንደበቷ የማይያዝ ባልቴት ናት። በሯ ፊት ለፊት ያለው የደረጃው ማረፊያ በተክል ተሞልቷል፤ በተለይ ሰው ሁሉ ቴሌፎን የሚላት፣ የልብ ቅርፅ ቅጠል ያላት ሐረግ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ፎቁን ሙሉ ሸፍናለች።

«ዶኛ ዶሚቲላ፣ ይሄ ሁሉ መቼ በቀለ? ባለፈው እንዲህ አልነበረም።»

«የአባትሽ ሥራ ነዋ! እግዜር ይስጣቸው፣ በየቀኑ ሦስት አራት ባልዲ ያጠጡልኛል። የዓሣ ውሃ እኮ ነው። አንቺ፣ ይሄን ውሃ ጠጥቶ የማይፋፋ የለም፤ እኔም ልጠጣው አስቤአለሁ!»

«አባዬ ነው ባልዲ የሚያወርደው? በዚህ ደረጃ?»

ዶሚቲላ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። «አታውቂም እንዴ? ሽንት ቤት ብደፋው ቱቦው ልጄ አልጋ ሥር ነው የሚንቧቧው፣ ትነቃብኛለች አሉኝ። በካልሲ ነው እኮ የሚወርዱት፣ ጫማቸው እንዳይሰማ። ወገባቸውን ይዘው ሲወርዱ ሳይ ላግዝዎ እላለሁ፤ እሳቸው እቴ! ‹የሞተር ሰው ነኝ፣ ምን አለኝ› ይሉኛል።»

ማርሊት ደረጃውን ወጣች። ቤት ገባች፤ አባቷን እንደ ወትሮው ግንባሩን ሳመችው፤ ያቀረበላትን ገንፎ በላች፤ ደክሞኛል ብላ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። አልተኛችም። ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ትንሽ ቆይቶ ሳሎኑ ውስጥ ኮሽታ ተሰማ። ተነስታ በበሩ ክፍተት አየች። አባቷ እሷ ከመግባቷ በፊት የነቀለውን የሞተሩን ሶኬት ከገንዳው ጀርባ አውጥቶ በእጁ ይዟል። ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው፤ እንደ እንቁላል ነው ያስቀመጠው። ከዚያ ገንዳው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አንድ የሻይ ኩባያ አነሳ፣ ከገንዳው ውሃ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስ ጀመር። ውሃው አየር እንዲያገኝ ነው። ድምፅ እንዳይኖረው በመስታወቱ ጥግ ጥግ ያንሸራትተዋል። ከንቲባው ወደ ኩባያው ተጠግቶ አፉን ይከፍታል። እጁ ሲዝል ኩባያውን ወደ ሌላኛው እጅ ያዛውራል።

«ታገስ» አለው አባቷ በሹክሹክታ። «ልጅቷ ተኝታለች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ነው ያደረችው። ትንሽ ታገስ፣ የኔ ጌታ።»

ማርሊት አፏን በእጇ ያዘች። እዚያው ቆማ ስንት ጊዜ ቀድቶ ስንት ጊዜ እንዳፈሰ አላወቀችም። መጨረሻ ላይ በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች።

አቤላርዶ እንደ ሌባ ክው አለ። ኩባያውን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ ውሃው ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ቀሰቀስኩሽ?»

«ዘይት ቀባሁት አላልክም?»

«ቀብቼው ነበር እኮ…»

«አባዬ! የመብራት ሞተር፣ ውሃ ውስጥ የተነከረ፣ ምኑን ነው ዘይት የምትቀባው? አንተ ነህ ይሄን የምታወራ?»

አቤላርዶ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ዳር ላይ ግን ሳቅ የሚመስል ነገር መጣ። «እኔም ስናገረው አፈርኩ። አንቺ ስታምኚኝ ደግሞ የባሰ አፈርኩ።»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። መሬት ላይ፣ እግሩ ሥር ቁጭ አለችና ጉልበቱን ያዘች። ካልሲው ርሷል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ሥራሽ የሰው ነፍስ ነው። እንቅልፍሽን ያጣሽ ቀን እጅሽ ቢስትስ? ለአንድ ዓሣ ብዬ? እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምን ሥራ አለኝ።»

«ሊሞትብህ ነው እኮ። አንተም ልትሞትብኝ ነው።»

«እሱን የሰጠችኝ እናትሽ ናት፤ አንቺንም የሰጠችኝ እሷ ናት» አለ አቤላርዶ። «ከሁለት አንዱን አስለቅስ ከተባልኩ፣ ምን ላድርግ?»

ማርሊት ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ አለች። እሱ አይሆንም፣ እሳት ቢነሳ በምን ትሰሚያለሽ አለ። ገንዳውን ወደ ኩሽና እንውሰደው አለች፤ ኩሽናው ምድጃውንም በመከራ ነው የያዘው። እንዲህ ሲከራከሩ ዐይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ፤ ከታች ፎቅ ተነስታ በውጭ በኩል መደገፊያውን ተንጠልጥላ የመጣች የዶሚቲላ ሐረግ አንድ አረንጓዴ ጫፍ መስኮቷ ድረስ ደርሳለች።

«አባዬ፣ ይሄ ውሃ ዓሣውን የሚያሳምመው ቆሻሻው ስለሚጠራቀም ነው አይደል?»

«ታዲያስ። ራሱ ያወጣው ነገር ነው መልሶ የሚመርዘው።»

«ያ ቆሻሻ ነው የዶሚቲላን ተክል ዱር ያደረገው።»

«አዎ።»

«እንግዲያ ውሃውን ወደ ተክሉ ከምታወርድ፣ ተክሉን ወደ ውሃው ብናወጣውስ?»

አቤላርዶ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «ወንዙ ላይ ያለው ሣር ሁሉ ሥሩ ተንሳፎ አይደል የሚኖረው» አለ፣ ለራሱ ያህል። «ዓሣውም ከሥሩ ነው የሚያድረው።»

ዶኛ ዶሚቲላ ተጠርታ መጣች፤ ባዶ እጇን አልመጣችም። አንድ እቅፍ ሐረግ ከነሥሩ ይዛ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ አፈሩን በውሃ እያጠበች ታዛቸው ጀመር።

«አፈር አንድም እንዳይቀር! አፈር ከገባ ጭቃ ነው የሚሆነው። ቅጠሉ ከውሃ ውጭ፣ ሥሩ ብቻ ውስጥ። ቅጠሉ ከረጠበ ይበሰብሳል። ዶን አቤላርዶ፣ እርስዎ ደግሞ ቁጭ ይበሉ፣ ወገብዎ ይሙት አይሙት ሳያውቁ ጎንበስ ቀና!»

«ዶኛ ዶሚቲላ፣ ሥራ ከከለከሉኝ ምላሴ ነው የሚሠራው።»

«እሱም ቢሆን ዘይት ተቀብቷል ሲባል ሰምቻለሁ» አለች ዶሚቲላ፤ ማርሊት ነግራት ነበር። አቤላርዶ እስኪያስለው ሳቀ።

ሥሮቹን ገንዳው ውስጥ አንጠልጥለው፣ ሐረጉን በሲባጎ ወደ መስኮቱ ሳቡት። ሲያዩት ያምራል። ማርሊት ተኝታ ከሰዓት ስትነሳ ግን ገንዳው ውስጥ የተዘነጣጠለ ሥር እየተንሳፈፈ፣ አባቷ በማጥለያ እየለቀመ አገኘችው። ከንቲባው ታሞም ቢሆን ቤቱ የገባውን እንግዳ አልወደደም፤ እየነከሰ ነጭቶ፣ ሲመረው ደግሞ ተፍቶታል።

ዶሚቲላ ወሬውን ሰምታ ወጣችና ገንዳው ፊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «አንተ ጥብስ! የኔን ልጅ በላህ? ሎሚ የለኝም መስሎህ ነው?»

ከንቲባው ገላመጣት።

«አያችሁ፣ ገላመጣት!» አለ አቤላርዶ፣ ዐይኑ በርቶ። «ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ካየ! ነፍስ አለው ማለት ነው።»

የዚያን ቀን አቤላርዶ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሣሪያ ቦርሳውን ከሻንጣው አወጣ። የዶሚቲላን አሮጌ የፕላስቲክ ቅርጫት ወስዶ፣ በጋለ ሚስማር ጎኑን በሙሉ በሳሳው፣ ጠርዙን በሽቦ ጠምዝዞ ገንዳው ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል አደረገው። ሥሮቹ ቅርጫቱ ውስጥ ሆነው ውሃ ያገኛሉ፤ ከንቲባው ግን አፉ አይደርስባቸውም። እጁ ሚስማሩን ሲይዝ አለመንቀጥቀጡን ማርሊት አየች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ የሚሆን አይመስልም ነበር። ጥቂት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ረገፉ። ውሃው እንደደፈረሰ ነው። ማርሊት ጠዋት ገብታ የምታስቀድመው ገንዳውን ማየት ሆነ። ለከንቲባው የሚሰጠውን ምግብ ቀነሱለት፤ አባቷ ይሄኛው ሲከብደው ታየ፣ አንድ አንድ ጊዜ ደብቆ ሲያጎርሰው ትይዘዋለች። ጋዜጣ የምታነብ የሥራ ባልደረባዋ የጠቆመቻትን ድምፅ አልባ የምትባል ትንሽ የአየር መንፊያ ገዝተው አስገቡ፤ ቀን ቀን አረፋዋን ብቻ ታወጣለች። ትልቁ ሞተር የሚሠራው ማርሊት ሆስፒታል ስትሆን ነው። የዕረፍት ቀኗ ሲሆን ደግሞ ባልዲውን እሷ ተሸክማ፣ አባቷ ከኋላ እየተከተለ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ለዶሚቲላ ያወርዳሉ።

አንድ ጠዋት አባቷ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ገና በሩን ሳትከፍት እጇን ይዞ ወሰዳት። በቅርጫቱ ቀዳዳዎች በኩል አዲስ ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ነጭ፣ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። ሽታው ጠፋ። ውሃው ጠራ፤ ከገንዳው ወዲያ ያለው የግድግዳ ቀለም ሳይቀር መታየት ጀመረ። ሐረጉ መስኮቱን ዞሮ ጣሪያውን ያዘ። የከንቲባው ግንባር ቁስል ጠርዙ እየተሰበሰበ ሄደ፤ ጠባሳው ባይለቀውም ብርቱካናማው ቀለም ጎኑ ላይ እንደ ፍም ተመልሶ በራ። ዶሚቲላ ስትገባ ይገላምጣታል፤ እሷም ሳትሰድበው አትወጣም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ማርሊት ከሰዓት ከእንቅልፏ ስትነሳ አባቷ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«ወዴት ነው?» አለችው። ነሐሴ ላይ እመጣለሁ ማለቱን አልረሳችም።

«ይሄን ያህል ጊዜ እዚህ ከተማ ተቀምጬ ባሕሩን አላየሁም። ቀኑን በባልዲ ጨረስኩት። አሁን ሥራ ፈት ነኝ፤ አሳይኝ።»

በአውቶቡስ ሄዱ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ የካያኦን ወደብ አልፈው ላ ፑንታ የሚባለው ባሕር ዳር ወረዱ። ባሕር ዳሩ አሸዋ የለውም፣ ክብ ክብ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ድንጋዮቹን እየጎተተ ያንኳኳቸዋል። አቤላርዶ ዕድሜውን በወንዝ ላይ የኖረ ሰው፣ ወዲያኛውን ዳር በዐይኑ ቢፈልግ አጣው። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነከረና ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄን ሁሉ ማን ያጠራዋል?»

«ዶኛ ዶሚቲላን እንጠይቃት» አለች ማርሊት።

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና ወደ ውሃው እያየ፣ «ሮይሰርን እመጣለሁ ብዬው ነበር» አለ። «እንቅልፍሽን ከምነሳሽ ብዬ።»

«አውቃለሁ። እኔም ደውዬለት ነበር። አገርህ የናፈቀህ መስሎኝ።»

«ይናፍቀኛል። ሁልጊዜም ይናፍቀኛል።» ድንጋይ አነሳና በእጁ አገላበጠው። «ትናንት ደወልኩለት። ቤቱን ያከራየው፤ ጣሪያውን ብቻ ሳይጠግን እንዳያከራይ አልኩት።»

ነፋሱ ቀዝቅዟል፤ ማርሊት ሹራቧን አውልቃ ትከሻው ላይ ደረበችለት፤ እሱም ለአንድ ጊዜ ሳይከራከራት ተቀበላት። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ክንዷን ያዘና፣ እግሩን እየመረጠ፣ ተያይዘው በባሕሩ ዳር ዳር ሄዱ።